የኩባያው አተላ

«አያውቅም። ቢያውቅማ አይጠጣውም። እሷማ ጨርሶ እንዳትሰማ።»

ይህን የሰማሁት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ከመታጠቢያ ቤት ወጥቼ ፎጣዬን እንደያዝኩ፣ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆሜ ነው። የተናገረችው የአባቴ ሚስት ናት፤ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ቆልፋ ከእህቷ ጋር ታወራለች። በሩ የአንድ እጅ ስፋት ያህል ገርበብ ብሏል። በሁለት ማንኪያ መካከል አንድ ነገር አስገብታ ትጨፈልቃለች፤ የላይኛውን ማንኪያ በአውራ ጣቷ ተጭና ወዲያና ወዲህ ታሸዋለች። ከዚያ የታችኛውን ማንኪያ አባቴ በሚጠጣበት ሰማያዊ የብረት ኩባያ ውስጥ አራገፈች፣ የቀረውን በጣቷ ጠረገች፣ ጣቷን በቀሚሷ ጠርዝ አበሰች፣ ቡናውን ከላይ ቀዳችበትና አማሰለች። ማማሰሉን ቆጠርኩ፤ ሃያ ሁለት ጊዜ። ስኳር ለማሟሟት ሃያ ሁለት ጊዜ አያስፈልግም። ደግሞም አባቴ ቡናውን ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው።

ፊት ለፊት «እትዬ» እና «እርስዎ» እላታለሁ፤ በሆዴ ግን «እሷ» ናት። አባቴን ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እናቴ በሞተች በሦስተኛው ዓመት መሆኑ ነው። ከመንገዱ ጫፍ ባለው ላውንድሪ ልብስ ትቀበላለች፣ ትተኩሳለች፤ ማታ ወደ ቤት ስትመለስ የእንፋሎትና የሳሙና ሽታ ቀድሟት ይገባል። እኔ ወደዚህ ቤት የተመለስኩት የዛሬ ሦስት ወር፣ አባቴ የደም ካንሰር እንዳለበት በታወቀበት ሳምንት ነው። የተሰጠችኝ የኋላዋ ክፍል ናት፤ አልጋው ከገባባት ወዲህ በሯ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፣ ግድግዳዋ ስስ ስለሆነ የቤቱን ሰው ሳል አንድ በአንድ ለይቼ አውቃለሁ። ላስታምም መጣሁ ብል እውነት ነው፤ ልጠብቅ መጣሁ ብልም ውሸት አይሆንም። ከሦስት ሳምንት በፊት የቤቱን ካርታ በእጅ ቦርሳዋ ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ አይቼዋለሁ። ምን ልታደርግበት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ቀኑን ብቻ በልቤ ያዝኩ። ይህን ጠባይ ያወረሰኝ አባቴ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሚዛን መርማሪ ነበር፤ የናስ መመዘኛ ድንጋዮቹን በእንጨት ሣጥን አንግቶ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ የነጋዴዎችን ሚዛን ይፈትሽ ነበር። ሌላው አባት ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲሸኝ «በደህና ግቢ» ይላል፤ የእኔ አባት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይለኝ ነበር። ገና ፊደል ሳልቆጥር፣ ማንኛውም ሚዛን ዕቃ ሳይጫንበት ዜሮ ላይ መቆም እንዳለበት አውቅ ነበር።

ቁርስ ላይ ሦስታችንም ተቀመጥን። ጠረጴዛው ለሁለት ሰው የተሠራ ስለሆነ ጉልበታችን እንዳይነካካ ሁላችንም ትንሽ ዞር ብለን ነው የምንበላው። አባቴ እንደ ልማዱ ግራጫ ሹራቡን እስከ አንገቱ ቆልፎ መጣ፣ ዳቦውን በእንቁላል በላ፣ ከዚያ ከማሸጊያው አንዲት ቢጫ ኪኒን ገፍቶ አወጣና ምላሱ ላይ አኖረ፤ ውሃ ጠጣበት። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ከዚያ በመሐረቡ አፉን ጠረገ፣ ቡናውን ሳበና ቀስ እያለ ጨረሰው፤ አተላው ብቻ ቀረ። እሷ ኩባያው እስኪያልቅ ድረስ ዓይኗን ከኩባያው አልነቀለችም። ሲያስቀምጠው ተነፈሰች። አባቴ ጫማውን ሊያደርግ ሲሄድ፣ እሷም አልጋ ልታነጥፍ ስትከተለው፣ ኩባያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበልኩት። በጥቁሩ አተላ መካከል እንደ ክር የቀጠነ ቢጫ መስመር ተጋድሟል።

በሰው ላይ ከመፍረድ በፊት መቁጠር ይሻላል። የዚህ ወር እሽግ ሠላሳ ኪኒን ነበረው፤ ከተከፈተ የዛሬው አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው፤ የቀረው አሥራ ዘጠኝ። ልክ ነው፣ በቀን አንድ። አንዱን ደግሞ አባቴ በዓይኔ ፊት ውጧል። እንግዲያው ኩባያው ውስጥ ያለው ቢጫ ከየት መጣ? ከሥራ ቦርሳዬ ሁለት ባለ ክዳን ብልቃጦች አወጣሁ። ባንደኛው በማንኪያ እጀታ ከአተላው ቢጫውን ክፍል ጨምሬ «ኩባያ፣ አተላ፣ 12፡55» ብዬ ጻፍኩበት። በሁለተኛው ከአንዲት ኪኒን ጠርዝ በምላጭ ጥቂት ፍቄ «ማወዳደሪያ» አልኩት። ክዳኑን ስዘጋ ከኋላዬ ደረሰች።

«ዶክተር፣ ዛሬ ዕቃ ልታጥቢ ነው? ፀሐይ በየት ወጣች?»

ዶክተር እንዳልሆንኩ፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን እንደሆንኩ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደነገርኳት አልቆጠርኩም። ፀሐይዋ ያው በወጣችበት እንደወጣች ነገርኳትና ኩባያውን ሰጠኋት። ውሃ ከፍታ እስኪፋጭ አጠበችው። የቀኝ አውራ ጣቷ ላይ ቢጫ እድፍ አለ፤ ከሳምንታት ጀምሮ አየዋለሁ፣ የላውንድሪ ነገር ይመስለኝ ነበር። ብልቃጦቹን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

የምሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። ሁለት በር አለው፤ አንዱ ካልተዘጋ ሌላው አይከፈትም። ሥራዬ በአጭሩ ይህ ነው፦ በትናንሽ ጉድጓዶች በተከፋፈለ ሳህን ውስጥ የደም ካንሰር ሴሎችን በሞቀ ሣጥን አሳድጋለሁ፤ ከቡና ዘይት ተነጥሎ የወጣ ውህድ በላያቸው አንጠባጥባለሁ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሴሎቹን ሰብሬ የትኛው ጂን፣ ማለትም ዘረ መል፣ በርትቶ እንደሚሠራ፣ የትኛው ሥራ እንዳቆመ እለካለሁ። ካንሰር ማለት መናገር የሌለበት ጂን ሲጮህ፣ መናገር ያለበት ዝም ሲል ነው ብዬ ነው ለሰው የማስረዳው። የሳህኖቹ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጠኝ፤ ቡናው የገባበት የትኛው እንደሆነ፣ ያልገባበትም የትኛው እንደሆነ የተጻፈበት ወረቀት አለቃዬ መሳቢያ ውስጥ በፖስታ ታሽጎ ይቀመጣል። የሚለካ ሰው ማወቅ የለበትም፤ ዓይን የሚመኘውን ያያልና።

ከአርባ ምናምን ቀን በፊት፣ አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ ፖስታው ተከፍቶ አንደኛው ጂን ቡና በገባባቸው ሳህኖች ሁሉ ዝም ማለቱን ለአባቴ ነገርኩት። ሹካውን አስቀመጠ። ስንት ሳህን ነው፣ ስንቴ ተደገመ፣ ከምን ጋር ተነጻጸረ እያለ ጠየቀኝ፤ ተማሪ ሳለሁ እንኳ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ኪኒኑንና ቡናውን አብረን እንሰጣቸው እንደሆነ ሲጠይቀኝ ደስ እያለኝ መለስኩለት፤ ሁለቱን ባንድ ላይ ከሰጠን የትኛው እንደሠራ በምን እናውቃለን፣ አንዱን ብቻ ነው የምንሰጠው አልኩት። «እንደ ሚዛን» አለ። እኔም «እንደ ሚዛን» አልኩ። የሳህኑን ያህል ውህድ ሰው ደም ውስጥ ለማስገባት ስንት በርሜል ቡና እንደሚያስፈልግ አልነገርኩትም፤ አልጠየቀኝማ። እሷ ሳህን እያነሳች፣ ቡና እንዲህ የሚያድን ከሆነማ ቡና ነጋዴ ሁሉ እስከ ዛሬ ሳይሞት በኖረ ነበር አለች። አባቴ ሳቀ፤ እኔ አኮረፍኩ። ዘይቱን የማጥለያ ወረቀት እንደሚያስቀረው ስለነገርኩት ከማግስቱ ጀምሮ ማጥለያው ተጥሎ፣ ቡናው ከነአተላው በግራም እየተመዘነ መጠጣት ተጀመረ። የሽማግሌ ጨዋታ ነው ብዬ ተውኩት።

በኬሚስትሪው ክፍል የሚሠራውን ሰውዬ ሁላችንም «ኮረብታ» ነው የምንለው። መሣሪያው የተሰጠውን ፈሳሽ ወደየውህዱ ይለያይና እያንዳንዱን እንደ ኮረብታ አድርጎ ስክሪኑ ላይ ይሥለዋል፤ እሱ ቀኑን ሙሉ እነዚህን ኮረብታዎች ሲያይ ይውላል። ሁለቱን ብልቃጦች ሰጠሁትና የቤት ጉዳይ ነው አልኩት።

«ባልሽን ምን አጠጣሽው?»

«ባል የለኝም።»

«ለዚህ ነዋ እስካሁን ያልሞተው» አለና ከየብልቃጡ ጠብታ ወስዶ የተረፈውን መለሰልኝ።

አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ወደ ክፍሌ ተመልሼ ሥራ ጀመርኩ፤ ግን አንድ ረድፍ ላይ ሁለት ጊዜ አንጠባጠብኩና አንድ ሙሉ ሳህን ጣልኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛዬ ነው። ስመለስ ኮረብታ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠበቀኝ። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች ተደራርበዋል፤ በላይኛው የቡናው ኮረብታዎች ሰልፍ ይዘዋል፣ ከመካከላቸው አንዱ ግን ከታችኛው መስመር ብቸኛ ኮረብታ ጋር ልክ በልክ ይገጥማል። መንታ ናቸው አለኝ። መጠኑን በትክክል ለመናገር ሌላ ቀን ያስፈልገዋል፤ ጥቂት ግን አይደለም። የማን ቡና እንደሆነ ሊጠይቀኝ አፉን ከፈተና ፊቴን አይቶ ተወው።

ምሳዬን ሳልበላ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነገሩን ደረደርኩት። አባቴ በቀን አንድ ኪኒን ሲውጥ አያለሁ። አንድ ሌላ ደግሞ ተፈጭቶ በቡናው ይጠጣል። ስለዚህ በቀን ሁለት ይወስዳል፤ የታዘዘለት አንድ ነው። የዚህ መድኃኒት ዋጋ በወር የእሷን የወር ደመወዝ ያህላል፤ ታዲያ ሁለተኛውን ከየት ታመጣለች? ማን ይሰጣታል? «ቢያውቅ አይጠጣውም።» የቤት ካርታው። ኩባያው እስኪያልቅ ዓይኗን የማትነቅለው። ሁሉም ነገር ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ነገር እንዲህ ሲገጥም ደግሞ የሚያስፈራው መግጠሙ ነው። ለአባቴ ብነግረው በሩን ዘግቶ ይጮህባታል፣ ማስረጃውም ይጠፋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለን፤ ለሐኪሙ ብቻውን አግኝቼ እነግረዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

አባቴ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ አረንጓዴው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ክራቫት አስሯል፣ ጉልበቱ ላይ ጠንካራ ልባድ ያለው ደብተር አኑሯል። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ተሰልፌ ፋይሉን ስጠይቅ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ወረቀቶቹን አገላበጠችና የምሥራች አለችኝ። የመድኃኒት ድጋፉ ተፈቅዷል፤ ከሚመጣው ወር ጀምሮ የምንከፍለው የዋጋውን ግማሽ ብቻ ነው። ባለቤታቸው ያመጡት የቤት ካርታ ኮፒ አድራሻ ለማረጋገጥ በቂ ሆኖ ተገኝቷል፤ አራት ጊዜ ነው የተመላለሱት፣ ጠንካራ ሴት ናቸው አለች። ለሦስት ሳምንት በአንገቷ ላይ ያንጠለጠልኩት ካርታ እዚያው መስኮት ላይ ተበጥሶ ወደቀ። ይሁን እንጂ ጥርጣሬ አንድ እግሩ ሲቆረጥ በሌላው ይቆማል፤ ኪኒን ለሰው አብዝቶ የሚሰጥ ሰውም ኪኒን በቅናሽ መግዛቱን አይጠላም ብዬ አሰብኩ።

ሐኪሙ ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበልን። የበሽታው ጂን በደሙ ውስጥ ያለው ድምፅ መጀመሪያ ቀን ከመቶ አርባ ስድስት ነበር። በሃምሳኛው ቀን ሠላሳ አንድ። ዛሬ ዘጠኝ። ጉበቱም ኩላሊቱም ደህና ናቸው፤ ምንም የበዛ መድኃኒት ምልክት የለም። ይህን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ አባቴ ከጎኔ ስላልተለየ ከዚህ በላይ መናገር አልቻልኩም፤ ሐኪሙም ለምን እንደጠየቅሁ አልገባውም። መድኃኒቱ እየሠራ ነው፣ አንዲት ቀን እንዳታልፍዎ አለው አባቴን።

«አንዲት ቀን አላለፈኝም» አለ አባቴ፣ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጨበጥ አድርጎ።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ክንዴን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደኝና ደብተሩን ከፈተው። በእስክሪብቶ የተሰመሩ አራት ዓምዶች አሉ፦ ቀን፣ ቡና በግራም፣ ውሃ፣ ኪኒን። ሚዛን ሲመረምር ይጽፍበት በነበረው ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ፣ በየመስመሩ አሥራ ስምንት፣ ሁለት መቶ፣ ዜሮ። አሥራ ስምንት፣ ሁለት መቶ፣ ዜሮ። አርባ መስመር።

«ከዛሬው ጋር አርባ አንድ ቀን» አለኝ። «ሠላሳ አንዷን መነሻ አድርጌ ሚዛኑን ዜሮ አደረግሁት። አንድ ነገር ብቻ ነው የተጫነበት።»

ዛሬ ጠዋት ሲውጥ በዓይኔ እንዳየሁት ነገርኩት። ያየሁት ውሃ ሲውጥ እንደሆነ ነገረኝ፤ ኪኒኗ ከምላሱ ሥር ናት፣ አፉን ሲጠርግ ወደ መሐረቡ ትገባለች፣ መሐረቡ የልብስ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፣ የቀረውን ውሃና ሳሙና ይጨርሰዋል። ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ቢጥላት ትገኛለች፣ መጸዳጃ ቤት ቢጥላት አንዳንዴ ተመልሳ ትንሳፈፋለች፤ እጥበት ግን ምንም ማስረጃ አይተውም አለ። ነጋዴዎችን ሠላሳ አራት ዓመት ያባረረ ሰው እንዴት መደበቅ እንዳለበትም ያውቃል ብሎ ሳቀ። በላውንድሪ ሠራተኛ ቤት ውስጥ ማስረጃን በመሐረብ መጣል፤ ይህን ስሕተት አባቴ ብቻ ነው የሚሠራው። እዚያው መስኮቱ ላይ ቆሜ ሁለተኛዋን ኪኒን አገኘኋት። ሁለተኛ ኪኒን ኖራ አታውቅም። ያችው አንዷ ነች፤ በአንደኛው በር የወጣችው በሌላው በር ስትገባ የኖረችው።

«አባባ፣ ቁጥሩ የወረደው በኪኒኑ ቢሆንስ?» አልኩት።

«በየትኛው ኪኒን?» ደብተሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ቀናት እንዴት እንዳሳለፈ ነገረኝ፤ ቁርሱን ሁሉ እንደመለሰ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መሄድ እንዳቃተው፣ መስታወት ውስጥ ሲያይ የሚያየው ሰውዬ ማን እንደሆነ እንደማያውቅ። «ከእንግዲህ በገመድ ቢያስሩኝ አልውጠውም። ሞቴም ይሁን። ግን ሞት የለም፣ አየሽ ዘጠኝን? ያንቺ ሥራ ነው ያዳነኝ። ሌላው ሰው ልጄ ዶክተር ናት፣ ልጄ ኢንጂነር ናት ይላል።» ሳይጨርሰው ክራቫቱን አስተካከለ። በሳህኑ ውስጥ ያለው መጠንና በእሱ ኩባያ ውስጥ ያለው እንደማይገናኙ፣ በአንድ ሰው ላይ የተደረገ ነገርም ሙከራ እንደማይባል ነገርኩት። አልሰማኝም ማለት አይቻልም፤ ሰምቶኝ ነበር። ነገር ግን ዘጠኝ ቁጥር በእሱ በኩል ቆማለች፣ እኔ ባዶ እጄን ነኝ። ኪሴ ውስጥ ያለውን ብልቃጥ ባወጣ ደግሞ ያን ኩባያ ዳግመኛ አይነካውም። ኪኒኑንም አይውጥም። እሱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ አጭበረበርከኝ ካለው ነጋዴ ሱቅ ሃያ ዓመት ሙሉ ክብሪት እንኳ አልገዛም።

ደብተሩን እንዳነበው ሰጠኝ፣ ለአለቃዬም እንዳሳያት። ለሚስቱ ግን እንዳልነግራት አስጠነቀቀኝ። ትጨነቃለች አለ።

እሱ በር ላይ ሲጠብቀኝ ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ሄድኩ። መዋጥ ለሚያቅተው ሰው ይህ ኪኒን ይፈጫል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ፋርማሲስቱ መመሪያውን ዘርግቶ አነበበልኝ፤ በብርጭቆ ውሃ ይሟሟል፣ በማንኪያ እየተማሰለ ወዲያው ይጠጣል፣ ከምግብ ጋር ይሆናል፣ ዱቄቱን በባዶ እጅ መንካት አይገባም። በቡናስ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ለምን በቡና? ሕመምተኛው ቡና ስለሚወድ አልኩ። የተጻፈው በውሃ ነው፣ በቡና የሞከረ ሰው አላጋጠመኝም አለና፣ አሁንም እያየኝ መስኮቱን በግማሽ ዘጋው። ዛሬ መጠርጠር የሚያውቀው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ገባኝ።

ቤት ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። እሷ ቀድማ ገብታለች። አባቴ ደክሞት ሊጋደም ሄደ፤ እኔ ኮቴን በሩ አጠገብ ባለው ማንጠልጠያ ሰቅዬ ፊቴን ልታጠብ ገባሁ። ስመለስ ኮቴ ማንጠልጠያው ላይ የለም። በወንበር ላይ ተዘርግቷል፤ ኪሶቹ ወደ ውጭ ተገልብጠው እንደ ምላስ ተንጠልጥለዋል። ጠረጴዛው ላይ የአውቶቡስ ቲኬት፣ ከሥራ ቦታ የቀሩ ጓንቶች፣ ሁለት ሳንቲም፣ በስተመጨረሻም ሁለቱ ብልቃጦች በሥርዓት ተደርድረዋል።

«እጅጌው ላይ ነጠብጣብ አለ፤ ነገ ይዤው ልሄድ ነበር» አለች። «ኪስ ሳላይ ልብስ አልወስድም።»

አንደኛዋን ብልቃጥ አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋችና የእጅ ጽሑፌን አነበበች። «ኩባያ። አተላ። ከነሰዓቱ።» መልሳ አስቀመጠችው። «መርዝ መስሎሽ ነው።»

ጥያቄ አልነበረም። የማቀዝቀዣው ሞተር ተነሣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። ከዚያ እሷ ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና፣ ለእኔ ሳይሆን ለብልቃጡ እንደምትናገር ሁሉ፣ ቀስ እያለች ነገረችኝ። በሦስተኛው ቀን መሐረቡ ላይ ቢጫ አየች። እድፍ ከምን እንደመጣ ማወቅ ሥራዋ ነው። ስትዘረጋው ከመካከሉ ኪኒኗ እርጥብ ሆና ወደቀች። ብትጠይቀው ነገ እሷ በማታገኝበት ቦታ ይጥላታል። ስለዚህ ዝም አለች፤ የዛሬዋን መስኮት ላይ አድርቃ ነገ ጠዋት ትፈጫታለች፣ መሐረቡ ላይ የሟሟውንም በትንሽ ውሃ ጨምቃ ቡናውን ታፈላበታለች። ለእህቷ ብቻ ነገረች። ለእኔ ያልነገረችኝ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አንቺ የአባትሽ ልጅ ነሽ። እውነቱ ይመዝገብ ብለሽ ትነግሪዋለሽ። እውነቱ ይመዘገባል፣ እሱ ይሞታል።»

ዘጠኝ ሆኗል አልኳት። ስንት እንደነበረ አልጠየቀችኝም፤ ታውቀዋለች። ተነሥታ፣ ታጥቦ የተደፋውን ሰማያዊ ኩባያ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር ትከሻዋን ብቻ ነው ያየሁት።

ጓንቶቹን ወደ እሷ ገፋ አደረግሁ። ከእንግዲህ በባዶ እጅ እንዳትነካው፣ ቀድሞ በውሃ እንዲሟሟ፣ አባቴ ቁርሱን ከበላ በኋላ እንዲሆን ነገርኳት። በቡና የሚል መመሪያ የለም፤ ለሐኪሙ ነገ ጠዋት እኔው ራሴ ስልክ ደውዬ ሁሉንም እነግረዋለሁ፤ እሱ የሚለውን እናደርጋለን። እስከዚያ ግን ቡናው ለብ ሲል ነው የሚቀላቀለው አልኩ።

«ለብ ያለ ቡና አይወድም።»

«ትኩሱ ዘይቱን ያበላሸዋል ይበሉት። እኔ ነኝ ያልኩት ይበሉ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ በደንብ አየችኝ። እንዲህ ዓይነቱን ውሸት ከእኔ አልጠበቀችውም። እኔም ከራሴ አልጠበቅሁትም።

አባቴ ከመኝታ ቤት ፀጉሩ በአንድ ወገን ቆሞ ወጣ። ብልቃጦቹ መቼ ከጠረጴዛው ላይ እንደተነሡ እኔም አላየሁም፤ ልብስ የሚያጥፍ እጅ ፈጣን ነው። ደብተሩን ጠየቀኝ። ቀጠሮው ስላጣደፈው የዛሬው መስመር ሳይሞላ ቀርቷል። መነጽሩን አጣው፤ ስለዚህ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። በዚያ ደብተር ላይ ከእሱ በቀር የማንም እጅ ጽፎበት አያውቅም።

ቀኑን አለ፤ ጻፍኩ። ቡና አሥራ ስምንት፤ ጻፍኩ። ውሃ ሁለት መቶ። ከጎኑ በቀይ፣ ውጤት፣ ዘጠኝ። ከዚያ ዘጠኝን በለሆሳስ ደገመው፤ ሊያጣጥመው ይመስላል። ከኋላችን የቧንቧው ውሃ ተዘጋ።

«ኪኒን» አለ። «ዜሮ።»

በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ሳህን ጥያለሁ፣ ብልቃጥ ሰብሬያለሁ፣ ሙሉ ሳምንት የተለፋበትን ነገር በአንድ ጠብታ አበላሽቼ ለአለቃዬ ሄጄ ተናግሬያለሁ። ያላየሁትን ቁጥር ግን ጽፌ አላውቅም። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አኖርኩትና አዞርኩት።

«ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

ጎንበስ ብሎ፣ ያለ መነጽር፣ አፍንጫው ወረቀቱን እስኪነካ አየው። ሠላሳ አራት ዓመት የነጋዴ ደብተር ሲያይ የኖረ ዓይን ነው። ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ።

«አልገጠመም። ከላይ ክፍት ነው» አለ። «ክፍት ዜሮ ነገ ስድስት ያደርጉታል። ዝጊው።»

ዘጋሁት።